ያልተበደረው ባለዕዳ

የእህቴ ልጅ የሚኖረው ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፤ ቀን ይተኛል፤ በሁለቱ መሀል ስልኩን ያያል። በ2022 የፈረንጆቹ ገና ሰሞን ደወለልኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ወጉም የእነሱ አገር ወግ ነውና።) የኛ ቤት ሰላምታ ረዥም ነው፤ ጎረቤት ሳይቀር በየስሙ ይጠየቃል። ያን ዕለት ግን አጠረብኝ። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰላምታ ሲያጥር ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ገንዘብ ጠፍቷል።

“ጋሼ፣ ያ ነገር አለቀ” አለኝ።

“የቱ ነገር?”

“ያ ያነበቡልኝ።”

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ማለቂያ ላይ፣ በዘጠኝ ዓመት ያጠራቀማትን 40 ሺህ ዶላር አንድ ፈንድ ውስጥ አስገብቷት ነበር። ገንዘቧ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ የታሰበች ናት። ፈንዱ የሚለው እንዲህ ነው፦ የትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አክሲዮን ዛሬ አንድ በመቶ ከጨመረ እኔ ሦስት በመቶ እጨምርልሃለሁ። አንድ ከቀነሱ ሦስት እቀንስብሃለሁ የሚለውም አብሮ ተጽፏል፤ ሰው ሲያነብ ግን ዓይኑ የሚሄደው ወደሚወደው ነው። ከ40 ሺው የቀረችው 8 ሺህ ከምናምን ናት። እኔም እንደማንኛውም አጎት መጀመሪያ የመጣልኝን ጠየቅሁ።

“ዕዳስ አለብህ?”

“ኧረ ጋሼ! እኔ እኮ ቤሳ አልተበደርኩም። የራሴን ላብ ነው ያስገባሁት።”

ይህች መልስ ናት ከጆሮዬ አልወጣ ያለችው። ልጁ አልዋሸኝም። ከማንም አልተበደረም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ በእያንዳንዷ የራሱ ዶላር ላይ የሌላ ሰው ሁለት ዶላር ተሸክሞ ነበር የሚያድረው። ፈንዱ ከትልልቅ ባንኮች ጋር በሚዋዋለው ውል አማካይነት ያልያዘውን ገንዘብ እንደያዘ ሆኖ ይገበያያል። ፈረንጆቹ ይህንን ሌቨሬጅ ይሉታል፤ በሰው ገንዘብ የራስን አቅም ማባዛት ማለት ነው። ተሸካሚው የእህቴ ልጅ ሆኖ ሳለ ሸክሙን ግን አላየውም።

ተራው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንዲገዛ ይተው ወይስ ተቆጣጣሪው በሩን ይዝጋበት የሚለው ክርክር አሜሪካኖቹን ወደ መቶ ዓመት ገደማ አነታርኳቸዋል። እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ እንጂ የገንዘብ ሰው አይደለሁም። ከዚያ ስልክ በኋላ ግን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ካነበብኩት ውስጥ የገረመኝ አንድ ነገር አለ። ሕጉ በየዘመኑ የሚዘጋው የሚታየውን ዕዳ ነው። ዕዳውም ዞሮ ዞሮ የማይታይ ሆኖ ይመለሳል።

በ1929 ኒው ዮርክ ውስጥ አክሲዮን በዱቤ መግዛት ሬዲዮ በዱቤ የመግዛት ያህል ቀላል ነበር። መቶ ዶላር የሚያወጣውን አክሲዮን ለመግዛት አሥር ወይም ሃያ ዶላር ይዘህ ደላላው ዘንድ ትቀርባለህ፤ የቀረውን እሱ ያበድርሃል፤ አክሲዮኑ ራሱ መያዣ ይሆናል። ደላላው ደግሞ ከባንክ ይበደራል። ወለዱ ጣፋጭ ስለነበር ባንክ ያልሆኑ ትልልቅ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ፋብሪካ መሥራቱን ትተው ገንዘባቸውን ለደላላ ማበደር ያዙ። በዚያ ዓመት ኦክቶበር የደላሎች ብድር 8.5 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። አገሩ በሙሉ አክሲዮን ገዝቶ ነበር የሚባለው ግን ተረት ነው። ኋላ በሴኔቱ ምርመራ እንደተቆጠረው፣ ከመቶ ሃያ ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ በዱቤ የሚገዙ ደንበኞች ወደ 600 ሺህ ገደማ ነበሩ። ስድስት መቶ ሺህ ሰው ግን አገር ለማናጋት አያንስም።

ተቆጣጣሪ አልነበረም እንዳይባል ነበር። የፌዴራል ሪዘርቭ ቦርድ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ባንኮቹን በደብዳቤ መከረ፤ ከእኛ የምትወስዱትን ገንዘብ ለቁማር አታበድሩ የሚል ጭብጥ ያለው ምክር ነው። ምክር መሆኑን ልብ ይሏል። ማርች ላይ ገበያው ደንገጥ አለ፤ የዕለት ብድር ወለድ በዓመት ሲሰላ 20 በመቶ ደረሰ። ያኔ የናሽናል ሲቲ ባንክ አለቃ ቻርለስ ሚቸል ብድጌ አለና፣ ባንኬ 25 ሚሊዮን ዶላር ለገበያው ያቀርባል ብሎ አወጀ። ገበያው ተረጋጋ፤ ደብዳቤውም ደብዳቤ ሆኖ ቀረ። የሚያስቀው ወይም የሚያስለቅሰው፣ ሚቸል ራሱ የኒው ዮርኩ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የዳይሬክተሮች ቦርድ አባል ነበር። ሴናተር ካርተር ግላስ በቁጣ ከቦርዱ ይነሣልን አሉ፤ የሰማቸው የለም። ከበሮ ሲደለቅ ምክር የሚሰማ ማን ነው!

ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ኦክቶበር 24 ቀን ወደ 13 ሚሊዮን፣ ኦክቶበር 29 ቀን ከ16 ሚሊዮን በላይ አክሲዮን ተሸጠ። ደላሎቹ ለደንበኞቻቸው ቴሌግራም ላኩ፦ መያዣህ አንሷል፣ ገንዘብ ጨምር፤ ካልጨመርክ እንሸጠዋለን። የጨመረው በማግስቱ ሌላ ቴሌግራም ደረሰው። የዳው ጆንስ መለኪያ በሴፕቴምበር 1929 381 ላይ ነበር፤ በጁላይ 1932 41 ላይ ወረደ።

እስቲ ስለዚያ ቴሌግራም አንድ ነገር ልበል። ጨካኝ ወረቀት ነው። ግን እውነት ይናገራል። ባለዕዳ ነህ ይላል። ከነብድሩ የገዛው የኒው ዮርክ ልብስ ሰፊ ቢያንስ ወረቀት ፈርሟል፤ ወለድ ከፍሏል፤ የዕዳውን መጠን ያውቃል። በዚያው ዘመን ግን ቴሌግራም የማይደርሳቸው ሌሎች ባለዕዳዎች ነበሩ። ከእህቴ ልጅ ጋር የሚዛመዱት እነሱ ናቸው።

“ኢንቨስትመንት ትረስት” የሚባል ነገር ነበር። የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ ባለሙያ አክሲዮን ይገዛበታል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ዕቁብና ባንክ የተጋቡ ይመስላል። ጎልድማን ሳክስ በ1928 ዲሴምበር ላይ ጎልድማን ሳክስ ትሬዲንግ ኮርፖሬሽን የሚባል አቋቁሞ አክሲዮኑን ለሕዝብ በ104 ዶላር ሸጠ። ይህ ኩባንያ በ1929 ክረምት ሸናንዶዋ የተባለ ሌላ ኩባንያ ወለደ፤ ሸናንዶዋ በወሩ ብሉ ሪጅ የተባለ ሦስተኛ ወለደ። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፤ ሁሉም ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ።

የልጆቹ ጥቅም ምን ነበር? ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ትረስት መቶ ብር የሚያወጣ አክሲዮን ይዟል እንበል። ሃምሳው የመጣው ቁርጥ ያለ ክፍያ ከሚያገኙ ሰዎች ነው፤ ገበያው ቢወጣም ቢወርድም የእነሱ ያው ሃምሳ ነው። የቀረው ሃምሳ የተራው ባለአክሲዮን ነው። መቶው 120 ቢሆን ትርፉ በሙሉ የተራው ባለአክሲዮን ነው፤ ሃምሳው 70 ሆነለት፤ ገበያው 20 በመቶ ሲያድግ እሱ 40 በመቶ አደገ። መቶው ሃምሳ ቢሆን ግን ቁርጠኞቹ ሃምሳቸውን ይይዛሉ፤ ለእሱ ባዶ ነው። አሁን ይህንን ፎቅ በፎቅ ሥሩት፤ የልጅ ልጁን አክሲዮን ልጅ ይይዛል፣ የልጁን አያት ይይዛል። ታች ያለው ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ሰው ከመስኮት ይወረወራል።

ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ሰውዬ ደግሞ አልተበደረም። ባለ104 ዶላሩን አክሲዮን ሙሉውን በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ሚስቱ ብትጠይቀው፣ “ቤሳ ዕዳ የለብኝም” ነበር የሚላት። በ1932 ሴኔቱ የቤቱን ሰው ጠርቶ፣ ለሕዝብ በስንት ሸጣችሁ፣ ዛሬስ ስንት ነው ብሎ ሲመረምር፣ ያ 104 ዶላር አንድ ዶላር ከሰባ አምስት ሳንቲም ያህል ሆኖ ተገኘ። ከተከሰሩት አንዱ ኤዲ ካንተር የሚባለው ዝነኛ ቀልደኛ ነበር፤ ኩባንያውን በመቶ ሚሊዮን ዶላር ከሰሰና ክሱ እስኪታይ መድረክ ላይ ይቀልድባቸው ነበር። ሁሉም የከሰረ ሰው ግን መድረክ የለውም።

ሕጉ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የ1934ቱ ሕግ አክሲዮን በዱቤ ለመግዛት ምን ያህል የራስ ገንዘብ ያስፈልጋል የሚለውን የመወሰን ሥልጣን ለፌዴራል ሪዘርቭ ሰጠ። መጠኑ ሲወጣ ሲወርድ ኖሯል፤ ከጦርነቱ ማግስት በ1946 ጭራሽ መቶ በመቶ ተደርጎ ነበር፣ ማለት ዱቤ የለም። ከ1974 ወዲህ ግን ሃምሳ በመቶ ላይ እንደቆመ ነው። የ1940ው ሕግ ደግሞ ወደ ፈንዶቹ ገባ፦ እንደ ልብ የሚገቡበትና የሚወጡበት ፈንድ መበደር የሚችለው ከባንክ ብቻ ነው፣ ብድሩም ከጠቅላላ ንብረቱ ሲሶ እንዳይበልጥ አለ። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያሉ መደራረቡም ልጓም ተበጀለት። እነዚህ ሕጎች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

ታዲያ ሲሶ ብቻ መበደር የተፈቀደለት ፈንድ እንዴት አድርጎ ሦስት እጥፍ ይሆናል? አልተበደረማ! ውል ነው የገባው። ከባንኩ ጋር “አክሲዮኑ ከጨመረ ጭማሪውን ስጠኝ፣ ከቀነሰ ቅናሹን እሰጥሃለሁ” ተባብሎ ይፈራረማል። ብድር የሚለው ቃል የትም የለም። ቃሉ ስለሌለ የ1940ው ሕግ እንደተጻፈ አይዘውም፤ የአሜሪካው የሰነደ መዋዕለ ንዋይና የልውውጥ ኮሚሽንም ለረዥም ጊዜ በልዩ ልዩ ትርጓሜና ፈቃድ ሲያስተናግደው ኖረ። ተማሪዎቼን ሰምና ወርቅ ሳስተምር አንዱን ቃል ሁለት ቦታ ሲሰብሩት በአድናቆት እጄን እጭን ነበር። የዎል ስትሪት ጠበቆችን ያኔ አላውቃቸውም።

የመጀመሪያዎቹ ባለሁለት እጥፍ ፈንዶች በ2006 ገበያ ላይ ዋሉ፤ ባለሦስት እጥፎቹ በ2008 ኖቬምበር። ማንም ሰው እንደ ተራ አክሲዮን በስልኩ ይገዛቸዋል። ቴሌግራም የለም። ካስገባኸው በላይ አትከስርም። ይህ መልካም ነገር መሆኑን አልክድም፤ የ1929ኙ ሰውዬ ቤቱም ይሸጥበት ነበር። ነገር ግን አንዲት ቃል አለች፦ “በየዕለቱ”። ፈንዱ ሦስት እጥፍ ቃል የገባው ለአንድ ቀን ነው። ማታ ማታ ሒሳቡን ዘግቶ ጠዋት እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህች ቃል ምን እንደምትሠራ በእርሳስ እንየው።

የአክሲዮኑ መለኪያ 100 ላይ ነው። ዛሬ አሥር በመቶ ወረደ፤ 90 ሆነ። ነገ ተመልሶ 100 ገባ፤ ከ90 ወደ 100 ለመመለስ 11.1 በመቶ መውጣት ነበረበት። ስለዚህ ምንም አልሆነም። ባለሦስት እጥፉ ግን ዛሬ ሠላሳ በመቶ ወርዶ 70 ገባ። ነገ የ11.1 ሦስት እጥፍ፣ ማለት 33.3 በመቶ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን ከ70 ላይ ነው። 93 ከምናምን ላይ ይቆማል። ገበያው ተመልሶ ቤቱ ገብቷል፤ ያንተ ግን ሰባት ብር መንገድ ላይ ቀርቷል። ይህ መውጣትና መውረድ አሥር ጊዜ ቢደጋገም ገበያው አሁንም 100 ላይ ነው፤ ያንተ 50 ሆኗል። ማንም አልሰረቀህም። ማንም አላጭበረበረህም። ሒሳብ ነው።

በወረቀት ላይ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ተቆጣጣሪዎቹ ራሳቸው በ2009 ኦገስት ላይ ባወጡት ማስጠንቀቂያ እውነተኛ ምሳሌ ሰጥተዋል። ከ2008 ዲሴምበር እስከ 2009 አፕሪል ባሉት አምስት ወራት አንድ መለኪያ ወደ 8 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ነበር። እሱን በሦስት እጥፍ የሚከተለው ፈንድ 53 በመቶ ወረደ። በሦስት እጥፍ ተገላቢጦሹን የሚከተለው ደግሞ 90 በመቶ ወረደ። ይወጣል ያለውም ይወርዳል ያለውም ከሰረ። እንዲህ ያለ ውርርድ በእኛ ሰፈር ቢታይ አጫዋቹን አንገቱን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ነበር የምንወስደው።

ደግሞ ፍርዴን እንዳላጋድል፦ ገበያው ሳይንገዳገድ ሽቅብ ሲጓዝ ይኸው ሒሳብ ተገልብጦ ከሦስት እጥፍም በላይ ያበላል፤ ከ2010 ጀምሮ ይዘው ሀብታም የሆኑ ሰዎች አሉ። በ2022 የናስዳክ 100 መለኪያ ሲሶ ያህል ሲወርድም ባለሦስት እጥፎቹ ተጠራርገው አልጠፉም፤ ወደ 79 በመቶ ወርደው አንድ አምስተኛቸው ተረፈ። የእህቴ ልጅ 8 ሺህ የመጣችው ከዚህ ነው። በ2023 መለኪያው አገገመና በዓመቱ መጨረሻ 2021 ሲያልቅ ከነበረበት ትንሽ አለፈ። ባለሦስት እጥፉም በዚያ ዓመት ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ አደገ። ግን ሦስት እጥፍ የምን? ከተረፈችው አንድ አምስተኛ። ገበያው ሙሉ በሙሉ አገግሞ ሳለ እሱ ገና ከመነሻው ወደ 40 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር። ልጁ ይህንን አላየም፤ በ2022 ገና ሸጦ ወጥቷል። ነግሬውም አላውቅም።

ሌላው የማይረሳኝ የ2018 ፌብሩዋሪ 5 ነገር ነው። ክሬዲ ስዊስ የሚያወጣው አንድ ሰነድ ነበር፤ ገበያው እስካልተረበሸ ድረስ የሚያተርፍ፣ በፍርሃት ላይ የተገላቢጦሽ የሚወራረድ። እጥፉ አንድ ብቻ ነው፤ በየዕለቱ እንደ አዲስ የሚጀምርበት ሒሳብ ግን ያው ነው። ያን ዕለት የገበያው የፍርሃት መለኪያ ከ17 ወደ 37 ዘለለ። ሰነዱና መሰሎቹ የዕለት ሒሳባቸውን ለመዝጋት የግድ መግዛት ነበረባቸው፤ ግዢያቸው ዋጋውን ይበልጥ ሰቀለው፤ የተሰቀለው ዋጋ ይበልጥ እንዲገዙ አስገደዳቸው። በአንድ ቀን 96 በመቶ ያህል ጠፋ። በማግስቱ ክሬዲ ስዊስ ሰነዱ እንደሚዘጋ አስታወቀ። የሽያጭ መግለጫው ውስጥ ግን ምን ተብሎ ነበር? የዚህ ሰነድ የረዥም ጊዜ ተጠባቂ ዋጋ ዜሮ ነው። በግልጽ፣ በማያሻማ ቋንቋ ተጽፏል። እንዲህ ሐቀኛ ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ጥቂት ነው ያነበብኩት። ያላነበቡት ሰዎች ግን ወደ ሁለት ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገብተውበት ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። የእህቴ ልጅ ከመግዛቱ በፊት የፈንዱን መግለጫ በኢሜይል ልኮልኝ ነበር። “ጋሼ፣ እርስዎ መምህር ነዎት፤ እንግሊዝኛውን አይተው ይንገሩኝ” አለ። (ይህን ዓይነቱን ሰነድ እኛ አገር “የደንበኛ ሳቢ መግለጫ” ብለው ተርጉመውታል። ተርጓሚው ሳያስበው እውነቱን ተናገረ።) አተምኩት። እርሳስ ይዤ ሁለት ገጽ አነበብኩ። የቀረውን ገለጥ ገለጥ አድርጌ ደወልኩለት፤ “ምንም አይልም፣ ሥርዓት ያለው ወረቀት ነው” አልኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪን “ጽሑፍን እስከ መጨረሻው ሳታነብ አትፍረድ” ስል የኖርኩ ሰውዬ! ከኪሳራው በኋላ ሳወጣው፣ ከአንድ ቀን በላይ የሚይዝ ሰው መለኪያው ከፍ ብሎ ሳለ ሊከስር እንደሚችል የሚናገረው ዓረፍተ ነገር አራተኛው ገጽ ላይ ቁጭ ብሏል። ቁጥር ያለው ሰንጠረዥም አብሮት አለ።

ስለዚህ “ሁሉም ነገር ተጽፎ ተገልጿል፤ ማንበብ የገዢው ፈንታ ነው” የሚለው ክርክር ለእኔ አይሠራም። ተጽፏል። እኔም ማንበብ እችላለሁ። አላነበብኩም።

ይዝጉት ታዲያ? ዝጉት ለማለትም አፌን ይይዘኛል። እኔ ያደግሁት መንግሥት ለሰው አቅም ልክ ቆርጦ በሚሰጥበት ዘመን ነው። በ1975 የወጣው አዋጅ የግል ነጋዴን የካፒታል ጣሪያ ወስኖ ነበር፤ ለኢንዱስትሪ 500 ሺህ ብር፣ ለጅምላ 300 ሺህ፣ ለችርቻሮ 200 ሺህ። አባቴ ባለሱቅ ነበር፤ ጣሪያው አጠገብ ደርሶ አያውቅም፤ ግን ጣሪያ እንዳለ ማወቁ ብቻ ጎንበስ ብሎ እንዲሄድ አድርጎታል። “ለአንተው ብለን ነው” የሚለውን ቃል በመንግሥት አንደበት ስሰማ ጀርባዬ ይቀዘቅዛል። ደግሞም አሜሪካ ውስጥ ሀብታሙ የፈለገውን ያህል ተበድሮ በሚጫወት የግል ፈንድ ውስጥ ይገባል፤ የሚጠየቀው ሚሊዮን ዶላር እንዳለው እንጂ እንደሚያውቅ አይደለም። መኪና ጠባቂው ብቻ ለይቶ ቢከለከል፣ ድሃ ስለሆንክ ሞኝ ነህ እንደማለት ነው።

መዝጋት መውጫ ማበጀት መሆኑንም ኮሪያዎቹ አሳይተውናል። በ2020 የደቡብ ኮሪያ ተቆጣጣሪዎች አገር ውስጥ ያሉትን ባለእጥፍ ፈንዶች የሚገዛ ሰው አስቀድሞ 10 ሚሊዮን ዎን እንዲያስይዝና በኢንተርኔት ትምህርት እንዲወስድ አዘዙ። ብዙው ሰው በስልኩ ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ገበያ ላይ ያሉትን ባለሦስት እጥፎች መግዛት ቀጠለ። በ2025 ደግሞ የውጭውን ለሚገዙ አዳዲሶችም ትምህርቱ ግዴታ ሆነ። ተቆጣጣሪው እየተከተለ፣ ገንዘቡ እየቀደመ።

የአሜሪካው ኮሚሽን በ2019 ኖቬምበር አንድ ረቂቅ አቅርቦ ነበር። ፈንዶቹን አልከለከለም። ያለው፣ ደላላው ለተራ ደንበኛ ይህንን ከመሸጡ በፊት ደንበኛውን ይጠይቅ፤ ሥራውን፣ ገቢውን፣ ያለውን ልምድ ይወቅ፤ ነገሩን የመረዳትና አደጋውን የመገምገም አቅም አለው ብሎ ለማመን ምክንያት ይኑረው ነው። የተቃውሞ ደብዳቤ በሺዎች ዘነበ። አብዛኞቹ የጻፉት እንደ እህቴ ልጅ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ገንዘባችን የኛ ነው፣ አትጠብቁን የሚሉ። በ2020 ኦክቶበር ኮሚሽኑ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ደንቡን ሲያጸድቅ ያችን ክፍል ጣላት። አዲስ የሚመጣ ፈንድ በአብዛኛው ከሁለት እጥፍ እንዳይዘል ተወሰነ፤ ነባሮቹ ባለሦስት እጥፎች ግን ባሉበት ይቀጥሉ ተባለ። ልጁ በዓመቱ የገዛው ከእነዚያ ነባሮች አንዱን ነው።

እኔ የተጣለችዋን ክፍል እደግፋለሁ። ጥያቄ ነውር አይደለም፤ ጤና ጣቢያ እንኳ መርፌ ከመወጋትህ በፊት የማይስማማህ መድኃኒት አለ ወይ ብለው ይጠይቁሃል። አውሮፓውያኑ በ2018 ከዚህ የባሰ አደገኛ በሆነ ሌላ የብድር ንግድ ላይ ያደረጉትንም እወደዋለሁ። የእጥፉን ጣሪያ ቆረጡ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ሻጭ፣ ከእኔ ከገዙት ተራ ደንበኞች ከመቶ ይህን ያህሉ ከስረዋል ብሎ የራሱን ቁጥር በማስታወቂያው ላይ እንዲጽፍ አስገደዱ። ተቆጣጣሪዎቹ ያኔ ባደረጉት ጥናት ቁጥሩ ከ74 እስከ 89 ነበር። አራተኛው ገጽ ላይ አይደለም፤ ግንባሩ ላይ። ቢያንስ እኔ ሁለተኛው ገጽ ሳልደርስ አየው ነበር።

የእህቴ ልጅ ያንን ጥያቄ ቢጠየቅ ያልፍ ነበር ወይ? ያልፍ ይመስለኛል። ብልህ ልጅ ነው። ምናልባት ደላላው “ይህ ገንዘብ ለምን የታሰበ ነው?” ቢለው፣ “ለቤት” ብሎ በራሱ አፍ ሲመልስ ይሰማው ነበር። ይህንን ያህል ብቻ ነው ተስፋዬ።

አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2025 ጃንዋሪ ሥራ ጀመረ። ባለእጥፍ ፈንዱ እስኪመጣ ገና ብዙ ይቀራል፤ እኛ ያለነው አክሲዮን ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው። ልጁ ወሬውን ሰምቶ ደወለ። ሰላምታው እንደ ድሮው ረዥም ነበር፤ ደስ አለኝ።

“ጋሼ፣ የአንድ ባንክ መግለጫ አግኝቻለሁ። ልላክልዎት?”

“ላክልኝ” አልኩት። “ግን አንተም ይዘህ ተቀመጥ።”

እሑድ እሑድ፣ እሱ ከሌሊት ሥራ ሲወጣ፣ እዚህ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ በስልክ ድምፅ አውጥተን እየተቀባበልን እናነባለን። እሱ አንድ አንቀጽ፣ እኔ አንድ አንቀጽ። ያልገባን ቦታ ላይ እንቆማለን፤ አንዳንዴ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሳናልፍ ሰዓቱ ይሄዳል። እህቴ አብዳችኋል ትለናለች። ሁለተኛውን ገጽ ያለፍነው በሦስተኛው እሑድ ነው።